«ቁራ» ለተባለው ሰው፣ ወንድሜ ከሆነ

ይድረስ ለወንድሜ ለአምሀ አዳነ፣

ባሕርና በረሃ ያራራቀን ወንድሜ ሆይ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋት የሚነሣብህ ሳይነስ ለቀቀህ ወይስ እዚያም ተከትሎህ ሄደ? ምግቡ ተስማማህ? የምትተኛበት ቦታ ይሞቃል? እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። እኔ ከሐሳብ በቀር ደኅና ነኝ። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ትንቀሳቀሳለች፤ ማንም ተቀመጪ ቢላት አትሰማም። አባዬም ይበላል፣ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ስለ ልቡ ግን ዝቅ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

ይህን ሁሉ የጠየቅሁት አምሀን ነው። አንተ የምታነበው ሰው አምሀ ካልሆንክ ግን እዚህ ላይ አቁም። ከዚህ በኋላ ያለው የቤት ጉዳይ ነው፤ የሰው ገመና አንብበህ የምታተርፈው ነገር የለም። ሌባም ብትሆን እናት ሳትኖርህ አልቀረችም፤ በእርሷ ይዤሃለሁ፣ ዝጋው።

አሁንም እያነበብክ ከሆነ እንግዲህ ወንድሜ ነህ ብዬ ልቀጥል። አድራሻዬን ከየት አገኘችው እንዳትል። «ቁራ» የሚባለው ሰው አብረን ለጀመርነው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ በላከ ቁጥር፣ ጊት የሚባለው የሥራ መዝገባችን ከሥራው ጋር የላኪውን ስምና ኢሜይል አብሮ ያስቀምጣል። ሰውየው ለስሙ ቁራ ብሎ ተሸፍኗል፤ ለኢሜይሉም ማንነቱን የማይናገር አድራሻ አውጥቷል። ቢሆንም አድራሻ አድራሻ ነው፤ ደብዳቤ ያደርሳል። ያንተ የዱባይ ስልክ ከተዘጋ ቆይቷል። አብሮህ ይኖር የነበረው ልጅም ከዚያ ከወጣህ መክረምህን፣ ወዴት እንደሄድክ ግን እንደማያውቅ ነግሮኛል። ስለዚህ የቀረኝ መንገድ ይህ ብቻ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ አንተ የማታውቀውን ያንተን ወሬ ልንገርህ። አገር ቤት፣ አረቅጥ ላይ፣ ሞተሃል። የጎረቤታችን ልጅ ዘመድኩን ከጥምቀት በኋላ ከደቡብ አፍሪካ ተመለሰ። በመጣ በሳምንቱ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሱቅ ተቃጥሎ ውስጡ ያደረ አምሀ የሚባል የአረቅጥ ልጅ ሞቷል ብሎ መርዶ ተናገረ። እኔ ከወልቂጤ ደርሼ ያዝኩትና ሬሳውን አይተሃል ወይ አልኩት፤ አላየሁም አለ። ቀብሩ ላይ ነበርክ ወይ ስለው አልነበርኩም አለ። ታዲያ ማን ነገረህ ብለው አንድ የሆሳዕና ልጅ ነገረኝ አለ። የሆሳዕናው ልጅስ አይቷል ወይ ስለው ተቆጣና ሰው ለለቅሶ ይመጣል እንጂ ለምርመራ አይመጣም ብሎኝ ሄደ። የእኔ ነገር ታውቀው የለ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ያደግሁ ነኝ። ወንድሜ ያለው ዱባይ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ምን ሊሠራ ይሄዳል፣ አምሀ የሚባል ሰውስ እርሱ ብቻ ነው ወይ ብዬ ተከራከርኩ። ሽማግሌዎቹ ግን የክርክሬን መልስ ከአንተ ዝምታ ላይ አገኙት። በሕይወት ያለ ልጅ ይህን ያህል ጊዜ ለእናቱ ሳይደውልላት አይቀርም አሉ። ለዚህ ምን ብዬ ልመልስላቸው?

አባዬ ጾሙ እስኪጋመስ ድረስ እሺ አላለም ነበር። በኋላ አንድ ቀን ተቀምጦ ተቀምጦ፣ ለልጁ ሳያለቅስ የቀረ አባት ተብዬ አልሞትም አለ። ስለዚህ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ ድንኳን ሊተከል ነው። ፎቶግራፍህን ወልቂጤ አሳጥቤ በትልቁ እንዳመጣ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ያ በምረቃ ቀን ክራባት አላደርግም ብለህ ስታኮርፍ የተነሣኸው ነው፤ ስልኬ ውስጥ አለ። ፎቶ ቤቱ ማሽኑ ተበላሽቷል እያልኩ እየዋሸሁ ነው። ማሽኑ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነው።

አሁን ወደ ቁራው ልምጣ። ጥለኸው የሄድከው «ቀጠሮ» ዛሬ ካንተ ጊዜ ይልቅ ብዙ ቤት ገብቷል። ሁለታችን እዚህ ወልቂጤ የተከራየናት ክፍል ውስጥ ስንጀምረው ለአንድ ክሊኒክ ብቻ ነበር፤ የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ በራሳችን አቆጣጠር ይቁጠር፣ እናቶች በፈረንጅ ቀን አይደናገሩ ብለን። ኮዱን ለሁሉም ክፍት እናድርገው፣ የፈለገ ይውሰደው፣ ያወቀ ያሻሽለው ያልከው አንተ ነህ። እኔ ያኔም አልወደድኩትም፤ በር ከፍቶ የሚተኛ ሰው አይቼ አላውቅም አልኩህ፤ ሳቅህብኝ። ያው እንዳልከው ሆነና አሁን ቡታጅራም፣ አረቅጥም፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ከተሞችም ይሠሩበታል። የሚላከውን ሥራ መርምረን የምናስገባው እኔና ሙስተፋ ነን። ሙስተፋን አታውቀውም። የጉንችሬ ልጅ ነው፣ ቡታጅራ ይሠራል፣ አንተ ከሄድክ በኋላ የገባ ነው። እርሱን እንኳ ለመቀበል ቡታጅራ ድረስ ሄጄ ፊቱን አይቼ፣ ምሳ በልቼ ነው የተመለስኩት።

ቁራ ብቅ ያለው ጥቅምት ላይ ነው። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት አንድ ቀን የሚዘለውን ስሕተት አርሞ ላከ። ሥራው ንጹሕ ነበር። ስሕተቱን የሚያጋልጥ መፈተኛ ኮድ አስቀድሞ ጽፎ፣ በዚያ አሳይቶ፣ ከዚያ ያረመበት ነው። እኔን ያስፈራኝ ደግሞ ንጽሕናው ነው። ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳይከፍለው ይህን ያህል የሚለፋ ሰው ምን ፈልጎ ነው? በሰው አገር እንዲህ ያለ ነገር ተደርጓል፤ በትሕትና ዓመታት አገልግሎ፣ አምነው ቁልፉን ሲሰጡት መርዝ ያስገባ አለ። በእኛ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ቁጥር ብትነካ የሕፃን ክትባት ያልፋል፤ ያለፈው ክትባት የሚታወቀው ደግሞ ልጁ ሲታመም ነው። ስለዚህ የቁራን ሥራ የማነበው የበርበሬ ነጋዴ ጆንያ እንደሚፈትሽ፣ እስከ ሥሩ እጄን አስገብቼ ነው። ከየት ነህ ብዬ ብጠይቀው ስለ ሥራው ብናወራ ይሻላል አለ። በቪድዮ እንተዋወቅ ብለው ኔትወርኬ ደካማ ነው አለ። ሰላምታም አያበዛም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው አልኩ በሆዴ።

ኅዳር ላይ ሌላ ሥራ ላከ። ከእኔ ጋር የምትሠራው ነርሷ ሃሊማ፣ በመስቀል ሳምንት የተቀጠሩ እናቶች አንዳቸውም እንደማይመጡ፣ ፕሮግራሙ ግን የሚዘጋው መስከረም ዐሥራ ሰባትን ብቻ እንደሆነ ጽፋ አስታውቃን ነበር። እኛ ሳንነካው ቁራ ቀደመን። ለጉራጌ ክሊኒኮች ከዐሥራ አራት ጀምሮ ቀጠሮ እንዳይሰጥ አድርጎ፣ ነርሷ ምክንያቱን እንድታይ በየቀኑ ፊት ማስታወሻ ጽፎ ላከ። በጎመን ክትፎው ቀን ልጇን አዝላ ክሊኒክ የምትመጣ እናት የለችም የሚልም ጨምሮበታል። ሃሊማ ይህን አንብባ እስክትደክም ሳቀች፤ «ወላሂ ይሄ የናንተው ሰው ነው፣ ይህን የሚያውቅ ፈረንጅ የለም» አለችኝ። ጉራጌ መሆኑ ግን አላረጋጋኝም። ጉራጌን በነፃ የሚያሠራ ነገር ካለ ከጀርባው ትልቅ ትርፍ አለ ብዬ ጭራሽ ባሰብኝ። ይህን የምጽፈው እኔም ጉራጌ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ሰው ቢለው አልለቀውም ነበር።

ከዚያ መጋቢት ገባና ያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። ሥራው እየበዛ ስለሆነ እንደ እናንተ መርምሬ የማስገባት ፈቃድ ስጡኝ አለ፤ ያን ፈቃድ ያገኘ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ፕሮግራሙን መለወጥ ይችላል። ሙስተፋ እንስጠው ባይ ነው፤ ይህ ሰው ከሁለታችንም በላይ ሠርቷል፣ በሰው ላይ እንዲህ ክፉ አታስቢ አለኝ። እኔ ቆይ አልኩት። ይህ ሁሉ የሆነው አረቅጥ ያንተን ለቅሶ ቀን ስትቆርጥ በነበረችበት ሳምንት ነው። ሁለቱ ነገር አንድ ላይ ይገናኛል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም ነበር።

ያገናኘው አባዬ ነው፤ ሳያውቅ። ለሆሳዕና አረቅጥ ወጥቼ ሳለ ፊቴ እንደጠቆረ አይቶ ምን ሆነሻል አለኝ። ያንተን ነገር እንዳላነሣበት የቁራን ነገር አነሣሁለት። ይህ የሰዉ ሁሉ ሥራ የሆነ ፕሮግራም ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ደቦ ነው አልኩት፤ ማንም መጥቶ ይሠራል፣ እኛ ደግሞ መስመር በመስመር አይተን የበጀውን እናስገባለን፣ ያልበጀውን እንመልሳለን። አባዬም፣ ለእኔ ደቦ የመጣውን ሰው ባላውቀው እንኳ የጎረቤቴ እንግዳ ነው፣ የእናንተው የማን እንግዳ ነው አለኝ። ቀጥሎ፣ ፊቱን ካላየሽ እጁን እዪ አለ። አንድ ጎጆ ገብቶ ከምሰሶው ሥር ቆሞ ሽቅብ ሲያይ ያዋቀረውን ሰው እንደሚያውቀው፣ ሰው ስሙን ቢለውጥ እጁን መለወጥ እንደማይችል ነገረኝ። ከዚያ ወደ ደጅ ወጣ። ከማውቃቸው እጆች እንዲህ ንጹሕ የሚሠራው ያንተ እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ወልቂጤ እንደተመለስኩ ላፕቶፔን ከፍቼ የቁራን ሥራ ከመጀመሪያው ማየት ጀመርኩ። አስቀድሜ የጠበቅሁት አጻጻፉን አይቼ እለየዋለሁ ብዬ ነበር። ትዝ ይልሃል፣ አንተ መስመር መሐል ባዶ ቦታ ስታበዛ እኔ ስደፍን፣ ስንጣላ ከርመን የሁሉንም ሰው ጽሑፍ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያስተካክል መሣሪያ አስገባን። ያ መሣሪያ የሁላችንንም እጅ አጥቦ አንድ አድርጎታል። የእኔም፣ የሙስተፋም፣ የቁራም ኮድ ቢያዩት አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል። ጠባችንን ለማብረድ ብለን የእጅህን ምልክት አጠፋሁት ብዬ ተናደድኩ።

ከዚያ ሰዓቱን አየሁ። ጊት ሥራው የተሠራበትን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የሠሪው ኮምፒዩተር የየትኛው አገር ሰዓት ላይ እንደሆነም ይይዛል። የቁራ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። ዱባይ ከእኛ የቀደመች ናት፤ ስለዚህ ዱባይ አይደለም። ከእኛ በአንድ ሰዓት የሚቀሩ አገሮች ብዙ ናቸው፤ አንዷ ግን ደቡብ አፍሪካ ናት። ዘመድኩንን ውሸታም ያልኩት አገሩን ተሳስቷል ብዬ ነበር።

ቀጥዬ ያንን የመስቀል ሥራ ከፈትኩ። አሁን ያለው ንጹሕ ነው፤ ዐሥራ አራት የጎመን ክትፎ፣ ዐሥራ አምስት እርድ፣ እያለ ይሄዳል። ጊት ግን የተሰረዘውንም አይጥልም። ወደ ኋላ ብሄድ ቁራ መጀመሪያ የላከው ላይ እርድ የተጻፈው በዐሥራ ስድስት ነው። ሙስተፋ ከሥሩ፣ ይህን ከየት አመጣኸው፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ የሚያርዱት በዐሥራ አምስት ነው ብሎ ጽፎበታል። ቁራም ክርክር ሳያነሣ ልክ ነህ ብሎ አርሞ ልኳል። ያን ቀን እኔ ታምሜ ነበር፤ አላየሁትም። ሙስተፋም ተራ ስሕተት መስሎት አልነገረኝም።

አምሀ፣ በዓለም ላይ በዐሥራ ስድስት የሚያርድ ቤት አንድ ብቻ አውቃለሁ። አባዬ መርካቶ ሱቅ ላይ በነበረበት ዘመን፣ የመጨረሻው ገበያተኛ ካልሄደ አልዘጋም እያለ ሁልጊዜ በመጨረሻው መኪና አንድ ቀን ዘግይቶ ይደርስ ነበር። እማዬም አባወራው ሳይባርከው በሬ አይወድቅም ብላ ሰፈሩ ሁሉ ሲያርድ በሯን ዘግታ ትጠብቀዋለች። አባዬ ሱቁን ትቶ አገር ቤት ከገባ በኋላ እንኳ ነገሩ ልማድ ሆኖ ቀረ። የአዳነ በሬ ዕድሜ ይመረቅለታል እያሉ ሰፈሩ ይቀልድብናል። አንተ ትምህርት ቤት በመስቀል እርዱ በዐሥራ ስድስት ነው ብለህ ተከራክረህ ተደብድበህ መጥተህ ነበር፤ አለቀስክ፣ ግን አላመንክም። እስከ ትልቅነትህ ድረስ ሳታስብ ስትናገር የምትለው ዐሥራ ስድስት ነው። ያንን መስመር ሳይ ላፕቶፑን ከድኜ አለቀስኩ፤ ሃሊማ መጥታ ምን ሆንሽ ብትለኝ ጥርሴን አመመኝ አልኳት።

ደስታዬ ግን እስኪነጋ አልቆየም። ጠርጣራ ሰው ደስታን እንኳ ጆንያውን ሳይፈትሽ አይገዛም። አሰብኩት፤ ዘመድኩን አገሩን ልክ ከተናገረ ሞቱንስ ልክ ተናግሮ ቢሆን? አንድ ሰው ያንተን ላፕቶፕ ይዞ ቢሆንስ? ማስታወሻህ፣ ረቂቅህ፣ የመስቀል ቀን የጻፍክበት ያ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ያንተን እጅ ለብሶ የሚሠራ ሰው ቢሆንስ? የመስቀሉ ሥራ የተላከው ዘመድኩን መርዶውን ከማምጣቱ በፊት ነው፤ ሱቁ መቼ እንደተቃጠለ ግን ዘመድኩንም አያውቅም። አየህ ወዴት እንደገባሁ፤ ሌባውን ስፈልግ ወንድሜን አገኘሁ፣ ወንድሜን ሳገኝ ሌባው ተመለሰ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አንተ ድሮ የምትልከው ሥራ ሁሉ በምስጢር ቁልፍህ የተፈረመ ነበር፤ ስምህ አጠገብ አረንጓዴ ምልክት ይታያል። የቁራ ሥራ አንዱም ፊርማ የለውም። አምሀ ከሆንክ በአሮጌው ቁልፍህ አንድ ሥራ ፈርመህ ብትልክ ሙስተፋ ማስረጃ ይሆናል ይለኛል። እኔ ግን አልፈልገውም። ላፕቶፑን የወሰደ ሰው ቁልፉንም ወስዷል። በመሣሪያ የሚረጋገጠውን ሁሉ አየሁት፤ ማን መቼ የትኛውን መስመር እንደጻፈ ሁሉንም ያሳየኛል። ጻፊው በሕይወት መኖሩን የሚነግረኝ አንድም የለም።

እንግዲህ ቁራ አንተ ከሆንክ ለምን እንደተደበቅክ ልገምት። ዱባይ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው ብለህ ለአባዬ ነግረኸው ነበር። ሥራው ቀረ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወረድክ፣ ሱቅ ውስጥ ቆምክ፤ ይህን ለመናገር አፈርክ። መጀመሪያ ነገሮች ይስተካከሉና እደውላለሁ አልክ፣ ከዚያ ዝምታው ራሱ የሚያሳፍር ሆነ። ፕሮግራሙን ግን መተው አልቻልክም፤ በራስህ ስም እንዳትመጣ ደግሞ እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ስምህንም ቁራ አልከው፤ ከመርከቡ ተልኮ እንዳልተመለሰው። እንዲህ ከሆነ ተናድጄብሃለሁ። ወንድሜ ብቻ ሳትሆን ጓደኛዬም ነህ ብዬ ነበር የማምነው። ደግሞስ በሱቅ ምን ያሳፍራል? አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ አይደለም እንዴ? እኔና አንተ ኮምፒዩተር የተማርነው በዚያ ባንኮኒ ነው። ቢሮ ነው ያለሁት ስትለው ደስ ያለው ለወንበርህ ሳይሆን ድምፅህን ስለሰማ ነው። ይህን እንዴት አታውቅም?

ለሥራህ መልስ ልስጥህ። የመጨረሻውን የላክኸውን ሥራ፣ መንታ ልጆች በአንድ ቀን እንዲቀጠሩ የሚያደርገውን፣ ዛሬ ጠዋት መርምሬ አስገብቼዋለሁ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ሃሊማ መንታ ያላቸው እናቶች ሲመርቁህ ብትሰማ አለች። የጠየቅኸውን ፈቃድ ግን አልሰጥህም። ሙስተፋ ቢቆጣኝም አልሰጥም። ለማላውቀው ቁራ የሕፃናትን ቀጠሮ አሳልፌ መስጠት አልችልም፤ አምሀ ከሆንክ ደግሞ ከፈቃድ በፊት የሚቀድም ነገር አለብህ። የአባዬ ስልክ ቁጥር አልተለወጠም። ባትሪው እንዳያልቅ ማንንም አያስነካውም፤ ሰዓት ላይበት ብለው እንኳ አይሰጠኝም። ሽማግሌዎቹ ያንተን ለቅሶ ሲያቀናጁ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር የተቀመጠው። አንድ ጊዜ ቢጮህ ይበቃል። ምን ልበለው ብለህ አትጨነቅ፤ አባዬ ብለህ ዝም በል፣ የቀረውን እርሱ ይጨርሰዋል።

እንደ ደብዳቤ ወግ ቢሆን እዚህ ላይ የቤተ ሰቡን ሰላምታ በየስማቸው ማስፈር ነበረብኝ። ከሃሊማ ሰላምታ አለህ፤ ሙስተፋም በክርክር መሐል ሰላም በዪልኝ ብሏል፤ ለማን እንደሆነ ግን እርሱም አያውቅም። ከእማዬ ግን ሰላምታ የለህም። መጻፌን አልነገርኳትም። በጥርጣሬ ተነሥቼ ልጅሽ አለ ብያት፣ የለም ከሆነ ሁለት ጊዜ ገደልኩት ማለት ነው። ለድንኳኑ የሚሆን ቆጮ እያዘጋጀች ነው፤ ለመስቀል ስትመጣ የምትሠራልህን ያህል አድርጋ። ከአባዬም ሰላምታ የለህም። ለሞተ ልጅ ሰላምታ አይላክም፤ ነፍስ ይማር ነው የሚባለው፣ እርሱንም እስካሁን ከአፉ አላወጣውም። ሌላው ሰው ሁሉ ሲል እርሱ ዝም ይላል።

ስለዚህ አልዋሽህም፣ በሌሉበት ሰላም ይሉሃል ብዬ አልጽፍም። የእማዬን ሰላምታ ከእማዬ አፍ፣ የአባዬን ከአባዬ አፍ ራስህ ተቀበል፤ ቅዳሜ ነፍስ ይማር ሳይል።

እኅትህ ናዝራዊት አዳነ

ወልቂጤ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.